ዋይፋያችን ላይ ማን አለ? ለድሬ ቤቶችና ቢሮዎች የፍለጋ መመሪያ

ድሬ ላይ ዋይፋይ ያስገባ ቤት ብቻውን አይጠቀምም። ጊቢው የጋራ ነው። ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። ከምሳ በኋላ በርጫ የሚቀመጥ እንግዳ አይጠፋም፤ እንግዳው ደግሞ ገና ትራስ ሳይደገፍ ፓስወርድ ይጠይቃል። ይህን የመካፈል ልማድ እወደዋለሁ፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ኔቱ ሲንቀራፈፍ ነው። ያኔ ጥርጣሬ ይጀምራል። ጥርጣሬው ደግሞ ቀጥታ ወደ አጥሩ ማዶ ይሄዳል።

“ሰው ገብቶብኛል” ተብሎ ሲፈተሽ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው የቤቱ ቲቪ ወይም የገዛ ልጅ ስልክ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አደራ እላለሁ። መጀመሪያ የራሳችሁን ዕቃ ቁጠሩ። ቀጥሎ የማታውቁትን ለዩ። ከዚያ ያለበትን ቦታ ፈልጉ። መዝጋት የመጨረሻው ሥራ ነው። ጎረቤትን መውቀስ ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ከዋይፋዩ ጋር የሚገናኘውን ሁሉ ጻፉ። ስልኮች፣ ላፕቶፕ፣ ስማርት ቲቪ፣ ፕሪንተር፣ የደህንነት ካሜራ፣ በስልክ የሚታዘዝ አምፖል። በመሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ታብሌትም ይቆጠራል። የቤት ሠራተኛዋንና የጥበቃውን ስልክ አትርሱ፤ ፓስወርዱን የሰጣችኋቸው ራሳችሁ ናችሁ። ለበዓል መጥታ የሄደች እህትም ስልኳ ፓስወርዱን እንደያዘ ነው፤ ተመልሳ ስትመጣ ሳትጠይቅ ይገባል።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ፈተና አድርጉ። ራውተሩ ላይ ዋይፋዩን አጥፉና አንድ ላፕቶፕ ብቻ በኬብል ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። በዚህ ሁኔታም ከቀረፈፈ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ ማንም አልሰረቃችሁም። ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ፣ ወይም ከሌላ ድርጅት የገዛችሁት ከሆነ ለእነሱ። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ሲሆን ብቻ ከወደቀ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ራውተሩ ውስጥ ግቡ

ከዋይፋዩ ጋር በተገናኘ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የራሳችሁን ኔትዎርክ ዝርዝር ክፈቱ። አንድሮይድ ላይ “ጌትዌይ”፣ አይፎን ላይ “ራውተር” ከሚለው ጎን አንድ ቁጥር አለ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። አንዳንድ የሁዋዌ የፋይበር ሳጥኖች ላይ 192.168.100.1 ይሆናል። ይህን ቁጥር ክሮም ላይ፣ የድረ ገጽ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ጻፉት።

የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ብዙ ራውተሮች ላይ ከሥሩ ወይም ከጀርባው ተለጥፏል። ከፋብሪካ በመጣው ፓስወርድ ከገባችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ዋይፋያችሁ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው በዚሁ በኩል መግባት ይችላል። ራውተሩ ሳሎን መሃል ተቀምጦ ጀርባው በስልክ ፎቶ ለመነሳት ከተመቸ ደግሞ መገመትም አያስፈልገውም።

ከገባችሁ በኋላ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ፈልጉ። ስሙ እንደ ራውተሩ ይለያያል፤ “ኮኔክትድ ዲቫይስስ”፣ “ዋየርለስ ክላየንትስ” ወይም “ዲኤችሲፒ ክላየንት ሊስት” ይባላል። የመጨረሻው ሰውን ያሳስታል። ራውተሩ ለአንድ ስልክ አድራሻ ሲሰጥ ለተወሰነ ጊዜ ይመዘግብለታል፤ ብዙ ጊዜ ለ24 ሰዓት። ስለዚህ ትናንት በርጫ ላይ የነበረ እንግዳ ዛሬ ጠዋትም ዝርዝሩ ላይ ሊታይ ይችላል። አሁን ያለውን ለማየት የዋየርለሱን ዝርዝር ተጠቀሙ።

የራውተሩ ፓስወርድ ጠፍቶባችሁ ከሆነ ስልክ ላይ ፊንግ የሚባለውን አፕ ጫኑ። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ካላችሁ ዋየርለስ ኔትዎርክ ዋቸር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሁለቱም ኔትዎርኩ ላይ ያለውን እየጠሩ ይዘረዝራሉ። አዳዲስ ስልኮች ግን አፖች የሌላውን መሣሪያ ማክ አድራሻ፣ ማለትም ቀጥሎ የምናየውን መለያ፣ እንዳያነቡ ይከለክላሉ። ለዚህ ነው ከስልክ አፕ የራውተሩን ዝርዝር የማስበልጠው።

ማክ አድራሻ እንዴት ይነበባል

ከእያንዳንዱ መሣሪያ ፊት ባለ 12 ቦታ መለያ አለ። ከ0 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተቀላቀሉበት ነው። ማክ አድራሻ የሚባለው ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ቦታዎች አምራቹን ይናገራሉ። ኢንተርኔት ላይ እነዚህን 6 ቦታዎች ስታስገቡ የአምራቹን ስም የሚመልሱ ነፃ ገጾች አሉ። ሳምሰንግ ወይም ቴክኖ ካለ ስልክ ወይም ታብሌት ሊሆን ይችላል፤ ሳምሰንግ ቲቪም እንደሚሠራ ግን አትርሱ። ሂክቪዥን ወይም ዳሁዋ ካለ ካሜራ መሆኑ አይቀርም። ኤስፕሬሲፍ የሚል ስም ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ እሱ ርካሽ ስማርት አምፖሎችና ሶኬቶች ውስጥ የሚገባ ቺፕ አምራች ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች እውነተኛ አድራሻቸውን ደብቀው የፈጠሩትን ይሰጣሉ። ለተጠቃሚው ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ለእኛ ፍለጋ ግን እንቅፋት ነው። አምራቹ “አይታወቅም” ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ “ጠላፊ” ይላል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ከአድራሻው መጀመሪያ ሁለተኛዋን ቦታ ተመልከቱ። 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነች አድራሻው የተፈጠረ ነው። ለምሳሌ በ“ዲኤ” የሚጀምር አድራሻ ሁለተኛ ቦታው ኤ ስለሆነ የተፈጠረ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከኋላው ያለው ተራ ዘመናዊ ስልክ ነው።

የራሳችሁን ስልክ የተፈጠረ አድራሻ ለማወቅ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የኔትዎርካችሁን ዝርዝር ክፈቱ። እዚያ የሚታየውን አድራሻ ወረቀታችሁ ላይ ከስልኩ ባለቤት ስም ጎን ጻፉት። ስልኩ ላይ አድራሻ የመደበቂያውን ምርጫ አንዴ አብርታችሁ አንዴ ካጠፋችሁ ያው አንድ ስልክ በሁለት አድራሻ ይመዘገባል። “ሁለት ሰው ገባ” ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

በማጥፋት ማጣራት

ሰዓት ምረጡ። ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታና እንግዳ ሳይመጣ፣ የቤቱ ሰው ብቻ ያለበት ጊዜ ጥሩ ነው። ዝርዝሩን ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ስልክ ዋይፋይ አጥፉ። ገጹን አድሱ። ምን ጠፋ? እሱን ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉበት። ወደ ሁለተኛው ሂዱ። እንዲህ እያላችሁ የምታውቁት ሁሉ ሲያልቅ የቀረው ያልታወቀው ነው።

የቀረ ከሌለ፣ እኩለ ቀን አልፎ ሱቅ ሁሉ ሲዘጋና ሰው ጥላ ሲይዝ እንደገና ተመልከቱ። የድሬ ኔት የሚጨናነቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው፤ ሁሉም ተጋድሞ ቪዲዮ ያያል። ጠዋት የሌለ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚታይ መሣሪያ ብዙ ይናገራል።

አንዳንድ ራውተሮች ከእያንዳንዱ ስልክ ጎን የሲግናል ጥንካሬ ያሳያሉ። በዲቢኤም ይለካል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን መሣሪያው ቅርብ ነው። −40 ማለት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። −80 ማለት ከግድግዳዎች ባሻገር ወይም ከጊቢ ውጭ ነው። በሙቀቱ የተነሳ ብዙ ቤት ማታ ውጭ ይቀመጣል፤ ሲግናሉ ጊቢው ድረስ እንዲመጣ ራውተሩ መስኮት ላይ ይደረጋል። እንዲህ ከሆነ ሲግናሉ መንገድም ላይ አለ፤ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠቀም ሰው ሊኖር ይችላል። ራውተሩን ወደ ቤቱ መሃል መመለስ ብቻውን ብዙ ይቀንሳል።

ማንም የማያውቀው ካሜራ ከተገኘ ግን፣ በተለይ ፔንሲዮን ወይም የሚከራይ ክፍል ውስጥ፣ ነገሩ የኔት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ካሜራውን ሳትነቅሉና ሳትነካኩ ፎቶ አንሱ፣ የዝርዝሩን ገጽም ፎቶ ያዙ፣ ለፖሊስ አመልክቱ።

ቢሮ ውስጥ የተደበቀ ራውተር

ቢሮዎች ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ይከብዳልም። ከዚራ ያሉትን የባቡሩ ዘመን ሕንፃዎች አስቡ። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ዋይፋይ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በጭንቅ ያልፋል። ጥግ ላይ ያለ ሠራተኛ ሲሰለቸው ከድሬው ታይዋን ገበያ ርካሽ ራውተር ገዝቶ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ኬብል ላይ ይሰካዋል። ክፋት የለበትም፤ ሥራውን ለመሥራት ነው። ነገር ግን የቢሮው ዋና በር ተቆልፎ በጓሮ በኩል ሌላ በር ተከፈተ ማለት ነው። የዚያ ራውተር ፓስወርድ ደካማ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለው፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር ጋ ሊደርስ ይችላል።

የመጀመሪያው ምልክት የአድራሻ መምታታት ነው። የቢሮው ኮምፒዩተሮች ሁሉ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ሲኖራቸው አንዳንዶቹ ድንገት በ192.168.0 የሚጀምር ይዘው ኢንተርኔት ከጠፋባቸው፣ ሌላ ራውተር ኔትዎርኩ ላይ ሆኖ አድራሻ እያደለ ነው። “አቦ፣ የኔ ብቻ ነው እንዴ የማይሠራው?” የሚል ጥያቄ በየክፍሉ መሰማት ሲጀምር ይህን መጀመሪያ አጣሩ።

ፍለጋውን በሁለት በኩል አድርጉ፤ በኬብልና በአየር።

በኬብል በኩል የዋናውን ራውተር ዝርዝር ክፈቱ። በኬብል ከተገናኙት መካከል አምራቹ ቲፒ ሊንክ፣ ቴንዳ ወይም ዲሊንክ የሆነ ካለና እናንተ ካልገዛችሁት ጠርጥሩ። ከዚያ የቢሮው ኬብሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን፣ ስዊቹ፣ ጋ ሂዱ። ከኬብሎቹ መካከል መብራቱ እየበራ ሌላው ጫፉ የት እንደሚደርስ ማንም የማያውቀው አለ? እሱን ንቀሉና ዝርዝሩን አድሱ። የተጠረጠረው መሣሪያ ከጠፋ ኬብሉን ተከትላችሁ ሂዱ፤ ጫፉ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህን ሰው ሥራ ላይ ባልሆነበት ሰዓት አድርጉት፤ የደንበኛ ክፍያ እየተቀበለ ያለ ኮምፒዩተር መንቀል ሌላ ጠብ ያመጣል።

በአየር በኩል አንድሮይድ ስልክ ላይ በአካባቢው ያሉ ዋይፋዮችን ከነሲግናላቸው የሚዘረዝር ዋይፋይ አናላይዘር የሚባል አፕ ጫኑ። አይፎን እንዲህ ያሉ አፖችን አይፈቅድም፤ የአፕል የራሱ ኤርፖርት ዩቲሊቲ ግን ሴቲንግ ውስጥ ስካነሩ ከተከፈተለት ያሳያል። ዝርዝሩ ረጅም ይሆናል። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን ድሬ ላይ ከጀመረ ወዲህ በሲም የሚሠራ ራውተርም በዝቷል፤ የከዚራና የመጋላ አየር ሙሉ ነው። ስለዚህ ስም ብቻ አትመልከቱ። ከስሙ ሥር ያለውን አድራሻ በራውተራችሁ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያዩ። በዋይፋይ የሚያሠራጨውና የተለጠፈው አድራሻ በመጨረሻዎቹ ወይም በመጀመሪያዎቹ ቦታዎች ትንሽ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያ ጤነኛ ነው። የእናንተን ስም ይዞ ፈጽሞ የተለየ አድራሻ ያለው፣ በተለይ ፓስወርድ የማይጠይቅ ከሆነ ግን፣ ሠራተኞቻችሁን ለማታለል የተከፈተ ሊሆን ይችላል። ማንም እንዳይገናኝበት ወዲያው ተናገሩ።

አሁን መራመድ ነው። የተጠረጠረውን ኔትዎርክ ምረጡና ሲግናሉን እያያችሁ ከክፍል ክፍል ሂዱ። አትቸኩሉ። አንድሮይድ አንድ አፕ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ አየሩን እንዲፈትሽ አይፈቅድም። እየሮጣችሁ የምታዩት ቁጥር ቅድም የነበራችሁበት ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ቦታ ግማሽ ደቂቃ ቁሙ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ይህን ገደብ ዴቨሎፐር ኦፕሽን በሚባለው የተደበቀ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል።

ቁጥሩ −50 አካባቢ ሲደርስ ክፍሉን አግኝታችኋል። ከዚህ በኋላ አቅጣጫውን ለማወቅ ሰውነታችሁን ተጠቀሙ። ስልኩን ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፣ በየአቅጣጫው እየቆማችሁ ቁጥሩን ያዙ። የሰው አካል ሲግናል ይጋርዳል። ቁጥሩ በጣም የወረደበት አቅጣጫ ላይ ራውተሩ ከጀርባችሁ ነው። ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይህን ካደረጋችሁ ሁለቱ አቅጣጫዎች የሚገናኙበት ቦታ ይጠቁማችኋል።

ራውተሩ በሁለቱም የዋይፋይ ሞገዶች፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ፣ የሚያሠራጭ ከሆነ ከሩቅ በ2.4 ጊጋኸርዝ ጀምሩ፤ ግድግዳ በተሻለ ያልፋል። ስትቀርቡ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ፤ እሱ ግድግዳ ላይ ቶሎ ስለሚዳከም ክፍሉን በትክክል ይነግራችኋል። ቆርቆሮና የብረት መደርደሪያ ሲግናሉን እያነጠሩ ያሳስታሉ። አንድ ጥግ ላይ ቁጥሩ ድንገት ቢያድግ ሁለት እርምጃ ግራና ቀኝ ብላችሁ አረጋግጡ። −30 አካባቢ ስትደርሱ ከጠረጴዛ ሥር፣ ከፋይል ሳጥን ጀርባ፣ ከኮርኒስ በላይ እዩ።

ስታገኙት ዝም ብላችሁ አትንቀሉት። ፎቶ አንሱ፣ የትኛው ኬብል ላይ እንደተሰካ ጻፉ፣ ባለቤቱን በግል ጠይቁ። ሲግናል አጥቶ ያደረገው ከሆነ መፍትሔው እዚያ ክፍል ውስጥ ቢሮው የሚያውቀው ማሠራጫ መትከል ነው። ካልተተከለለት ሌላ ይገዛል።

መዝጋት

ቅደም ተከተሉ እዚህም ይጠቅማል። ላፕቶፕ በኬብል ሰክታችሁ ሥሩ፤ በዋይፋይ ከሆናችሁ መሃል ላይ ትቋረጣላችሁ። አስቀድማችሁ የራውተሩን የመግቢያ ፓስወርድ ቀይሩ። የዋይፋዩን ብቻ ከቀየራችሁና ሰውየው ራውተሩ ውስጥ መግባት የሚችል ከሆነ አዲሱን እዚያው ያነበዋል። ቀጥሎ ፓስወርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን፣ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን፣ አጥፉ። በ8 አሃዝ ፒን የሚሠራው ክፍል ድክመት እንዳለው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ራውተሩን ከውጭ በኢንተርኔት ለመቆጣጠር የሚያስችለውም (ሪሞት ማኔጅመንት) ክፍት ከሆነ ዝጉት። የዋይፋዩ ጥበቃ ዓይነት ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 መሆኑን አረጋግጡ፤ አሮጌውንና በቀላሉ የሚሰበረውን “ደብሊውኢፒ” ካገኛችሁ ዛሬውኑ ቀይሩት።

ከዚያ የዋይፋይ ፓስወርድ። እባካችሁ የስልክ ቁጥር አታድርጉ። በ09 የሚጀምር ቁጥር ያልታወቁት 8 አሃዞች ብቻ ናቸው፤ ያ 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰዋል። የማይገናኙ አራት ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ አያይዙ፤ ለማስታወስም ይቀላል።

ማክ አድራሻ እየለዩ ማገድ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልመክርም። ስልኩ አድራሻውን ሲቀይር እገዳው ያበቃል፤ የገዛ ልጃችሁ ስልክ ደግሞ ሳይታሰብ ይታገዳል።

ሌላውን ሰው ከኔት የሚያስወጡ አፖችንም አትንኩ። ፍለጋ ላይ ያገኛችሁትን የሰው ራውተርም “እስቲ ልየው” ብላችሁ አትግቡበት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላውን ሥርዓት መድረስ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ሕጉ ለእናንተም ለእነሱም አንድ ነው።

አዲሱን ፓስወርድ ካስገባችሁ በኋላ የቤቱን መሣሪያዎች አንድ በአንድ መልሱ፣ ወረቀቱን እያያችሁ። ያልታወቀው ስልክ የማን እንደነበር ሳይጠየቅ የሚወጣውም ያኔ ነው። በማግስቱ አንድ ሰው መጥቶ “ኔቱ ምን ሆነ?” ይላል። ምናልባት የጎረቤት ልጅ ነው፤ ፓስወርዱን ከእናንተው ልጅ ስልክ ላይ በኪውአር ኮድ የወሰደ። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በኋላ የወጡ ስልኮች ላይ ይህን ለማድረግ ሁለት ሦስት ጊዜ መንካት ይበቃል። ልጁ የሰረቀ አይመስለውም፤ ተሰጥቶት ነው። አትጩኹበት።

ለዚህ የእንግዳ ኔትዎርክ አለ። አብዛኞቹ ራውተሮች “ጌስት” በሚል ይሰጡታል። የራሱ ስምና ፓስወርድ አለው፤ እዚያ የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ ፕሪንተራችሁንና ካሜራችሁን አያይም። ራውተሩ ከፈቀደ የፍጥነት ገደብ አድርጉለት። ለጎረቤትም፣ ለበርጫ እንግዳም፣ ለፔንሲዮን ደንበኛም ይህን ስጡ፤ ወር በገባ ቁጥር ፓስወርዱን ቀይሩ። የዋናውን ፓስወርድ ልጆች በኪውአር እንዳያሳልፉት ንገሯቸው፤ የጌስቱን ግን እንደፈለጉ ያካፍሉ።

ከሳምንት በኋላ በዚያው የጠዋት ሰዓት ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ክፈቱና ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ።